ከመጥረጊያው በፊት ብየዳው፦ የምግብ ማምረቻ መሣሪያ ንጽህና የሚወሰነው የት ነው?

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አንድ የሴቶች የወተት ማኅበር ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሚገኝ ብረታ ብረት ቤት ያሠራውን 300 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ሲረከብ አብሬ ነበርሁ። ገንዳው ከውጭ ሲያዩት ያብለጨልጫል፤ የበየደው ወጣትም በሥራው ኮርቶ በጨርቅ ይወለውለው ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ ግን ውጩን ብዙም ሳይመለከቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና የመውጫውን ቱቦ ዙሪያ በጣታቸው ይዳስሱ ጀመር። «አንተ ልጅ፣ እዚህ ሥር ጥፍሬ እንጂ ጣቴ አይገባም። ጣቴ የማይገባበትን ማን ያጥብልኛል?» አሉት። እሱም «እትዬ፣ ውስጥ እኮ ነው፤ ማን ያየዋል?» ሲል መለሰ።

የሁለቱ ልዩነት ንጽህና የማን ሥራ ነው በሚለው ላይ ነው። በያጁ ንጽህናን የአጣቢዋ ሥራ አድርጎ ያያል። ሰብሳቢዋ ግን አጣቢዋ የቱንም ያህል ብትተጋ ልታጸዳው የማትችለው ገንዳ ከተሰጣት፣ ጥፋቱ ውኃና ሳሙና ከመቅረቡ በፊት እንደተሠራ ገብቷቸዋል። በእኔ እምነት እውነቱ ከሰብሳቢዋ ጋር ነው። የቁጥጥር ልማዳችን ግን፣ እኔ ባየኋቸው ማምረቻዎች ሁሉ፣ ከበያጁ ጋር ሲስማማ ኖሯል። ተቆጣጣሪው ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የሠራተኛውን ጋውንና ጥፍር ይመለከትና መሣሪያው ንጹሕ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ መሣሪያ ሊጸዳ የሚችል ሆኖ ተሠርቷል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይቀራል።

የንጽህና ዲዛይን የሚባለው የምህንድስና ዘርፍ የሚያነሣው ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ምግብ የሚነካ ማንኛውም ገጽ ለስላሳ፣ የማይዝግ፣ ፈሳሽ የማይመጥ፣ ስንጥቅና ስለታም ጥግ የሌለው፣ ፈሳሹን ሙሉ በሙሉ የሚያፈስስ፣ ለዓይንና ለእጅ የሚደርስ፣ አለዚያም ሳይፈታ በሚያልፍበት ሳሙናና ውኃ ብቻ ሊጸዳ የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አዲስ ምጣድ የሚሟሸው፣ በጎመን ዘርም የሚታሰሰው፣ የሸክላው ቀዳዳ ተደፍኖ ሊጡ እንዳይዝ ነው። የጠላ ጋን አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ገላው ፈሳሽ የሚመጥ ስለሆነ እናቶቻችን በግራዋ ቅጠል ሲያሹትና በወይራ ጭስ ሲያጥኑት የኖሩት ቅርጹ ራሱ ለጽዳት እንደማይመች ስለሚያውቁ ነው። ጋኑን በግራዋ ማሸት የዲዛይንን ጉድለት በድካም ማካካስ ነው። በቀን 20 ሊትር ለሚጠመቅበት ቤት ይህ ይበቃል፤ በቀን 2,000 ሊትር ለሚያልፍበት ገንዳ ግን የሚበቃ ግራዋም የሚበቃ ክንድም የለም።

ጥቂት ቁጥሮች ነገሩን ያብራሩታል። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ርዝመታቸው 1 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም የ1 ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ለዚህም ነው ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ምግብ የሚነካ ገጽ አማካይ ሸካራነቱ ከ0.8 ማይክሮ ሜትር እንዳይበልጥ የሚጠይቁት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጭረቱ ለባክቴሪያው መጠለያ ጉድጓድ ይሆንለታል። ሁለት ላሜራዎች የሚገናኙበት የውስጥ ጥግም በ90 ዲግሪ ስለታም ሆኖ ከመቅረት ይልቅ ቢቻል 6፣ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ኖሮት እንዲጎብጥ ይመከራል፤ ብሩሽም ሆነ የሚወርድ ውኃ ስለታም ጥግ ውስጥ አይደርስምና። ጥግ ውስጥ የቀረ የወተት ቅሪት ባክቴሪያውን ይመግባል። በተመቸው ሙቀት በየ30 ደቂቃው እጥፍ የሚሆን አንድ ባክቴሪያ በ10 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም ከማታው ጽዳት እስከ ጠዋቱ ወተት፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። ከዚያም ራሱ በሚሠራው ሙጫ መሰል ሽፋን ሥር ሲከማች ባዮፊልም የሚባለውን ይፈጥራል፤ በዚህ ጊዜ ከላይ የሚፈስበት ፀረ ተሕዋሲ ሽፋኑን እንጂ ውስጡን አያገኘውም።

እንዲህ ያለው የመሣሪያ ጉድለት በሌላው ዓለም የሰው ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2008 ካናዳ ውስጥ ከ20 በላይ ሰዎች ሊስቴሪያ በሚባል ባክቴሪያ በተበከለ የተቆራረጠ ሥጋ ሲሞቱ፣ ምርመራው ያመለከተው ወደ ሥጋ መቁረጫ ማሽኖች ጥልቅ ክፍሎች ነበር፤ ማሽኖቹ ቢጸዱም ባክቴሪያው የተከማቸው በተለመደው ጽዳት በማይደረስበት ቦታ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን በ2011 አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ የደረሰው ነው። ካንታሎፕ የተባለውን የሐብሐብ ዓይነት ያጥብ የነበረ አንድ እርሻ፣ ቀድሞ ለሌላ ያልተቀነባበረ ምርት ያገለገለ ማጠቢያና ማድረቂያ ገዝቶ ተከለ። መሣሪያው በቀላሉ የማይጸዳ እንደነበር የሀገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከጠቀሳቸው መንስኤዎች አንዱ ሲሆን፣ በ28 ግዛቶች 147 ሰዎች ታመው 33ቱ ሞተዋል። እኛም ዘንድ ያገለገለ ማሽን መግዛት የተለመደ ነው፤ ቀድሞ ለምን ይውል እንደነበር የሚጠይቅ ገዥ ግን እምብዛም አይገኝም።

ታዲያ ኃላፊነቱ በማን ላይ ነው? በአውሮፓ ኅብረት የማሽነሪ ሕግ መሠረት፣ ለምግብ የሚሆን ማሽን ሊጸዳ የሚችል ሆኖ መሠራቱ የማሽኑ አምራች ግዴታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 20 ቀን 2027 ጀምሮ ተግባራዊ የሚሆነው አዲሱ የማሽነሪ ደንብም ይህን ግዴታ ይዞ ይቀጥላል። ዝርዝሩን የሚያሟሉት እንደ አይ ኤስ ኦ 14159 ያሉ ደረጃዎች፣ በ1989 የተመሠረተው የአውሮፓ የንጽህና ምህንድስናና ዲዛይን ቡድን የሚያወጣቸው መመሪያዎች፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በወተት ኢንዱስትሪው ውስጥ ያደጉት የስሪ ኤ ደረጃዎች ናቸው። ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስም እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ እየተሻሻለ በመጣው የምግብ ንጽህና ጠቅላላ መርሆች ሰነዱ መሣሪያው ለጽዳት በሚመች መንገድ እንዲሠራ ያስገድዳል ባይባልም በግልጽ ይጠይቃል። በእኛ ሀገር የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብ ደኅንነትን የሚመለከት ቢሆንም፣ በተግባር ሲታይ ተቆጣጣሪው የሚያገኘው ምግብ አምራቹን ነው፤ ገንዳውን የበየደው ሰው ከሒሳቡ ውጭ ነው። ገንዳው ሲዝግ ወይም ወተቱ ሲበላሽ የሚከሰሰው ማኅበሩ ሲሆን፣ በያጁ ግን ከዚያ በፊት ሦስት ተመሳሳይ ገንዳዎችን ሸጧል።

ስለዚህ ነገሩ የሚወሰንበት ቦታ ብረታ ብረት ቤቱ ነውና እዚያው ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ብረቱ ራሱ ነው። ገበያው ላይ «ስቴንለስ» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ለምግብ በብዛት የሚመረጠው 304 የሚባለው ዓይነት 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው፤ 316 ደግሞ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስለሚጨመርበት ጨውን ይበልጥ ይቋቋማል። ከእነዚህ በጣም የሚረክሰው 201 የተባለው የኒኬሉን ብዙ ክፍል በማንጋኒዝ የተካ ሲሆን፣ በእርጥበትና በጨው ፊት ቶሎ ነጥብ ነጥብ እያለ ይዝጋል። ባለሙያዎቻችን ብረቱን የሚፈትኑት በማግኔት ነው፤ ካልሳበ «ኦሪጅናል ነው» ይባላል። ይህ ፈተና ግማሽ እውነት ብቻ አለው፤ ማግኔት የማይስበው 304 ብቻ ሳይሆን 201 ጭምር ነውና። ትክክለኛው ማረጋገጫ ከላሜራው ጋር የሚመጣው የፋብሪካ ሰርተፍኬት ነው፤ ሻጩ ይህን ወረቀት ማሳየት ካልቻለ ዋጋው የ304 ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ብየዳው ነው። ለምግብ የሚሆን ብየዳ በአርጎን ጋዝ የሚሠራ፣ ሳይቋረጥ ዙሪያውን የተዘጋ፣ ወደ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የዘለቀና ከዚያ የተስተካከለ መሆን አለበት። በየጣት ርቀቱ እየነጠቡ የሚያልፉት ብየዳ ገንዳውን ያጸናዋል፤ በነጥቦቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ግን ወተት የሚገባበት፣ ብሩሽ የማይገባበት ስንጥቅ ነው። ከብየዳው ዳርና ዳር የሚታየው ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም ብዙዎች እንደ ጌጥ የሚያዩት ቢሆንም፣ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ቀጭን የክሮሚየም ሽፋን በሙቀት እንደተጎዳ የሚያሳይ ምልክት ነው፤ በአሲድ ወይም በጥንቃቄ በመሞረድ መነሣት አለበት። አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ወጪው ምንም ያልሆነ ጉዳቱ ግን ትልቅ የሆነ፦ ጥቁር ብረት በቆረጠና ባለሰለሰ ሞላ (የመሞረጃ ድንጋይ) ስቴንለስ መሞረድ። የጥቁር ብረቱ ብናኝ ገጹ ላይ ተጣብቆ ይቀርና በሳምንታት ውስጥ የዝገት ነጥብ ይሆናል፤ ከዚያ ሰው «ስቴንለስ ነው ብሎ አታለለኝ» ይላል። ለስቴንለስ ብቻ የተለየ ሞላና ብሩሽ ማስቀመጥ የሚጠይቀው አንድ ሚስማር ላይ መስቀል ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቅርጹ ነው። የገንዳው ታች ዝርግ ከሆነ ውኃው አይወጣም፤ ወደ መውጫው ቢያንስ 3 ዲግሪ ማዘንበል አለበት። እግሩ የሚሠራበት ቱቦላሬ ጫፉ ክፍት ከሆነ ወይም ለቡሎን ከተበሳ ውኃና ወተት ወደ ሆዱ ይገባና እዚያው ይሸታል። ቡሎንና ዳዶ ምግቡ ባለበት በኩል መታየት የለባቸውም፤ ጥርሳቸው ቅሪት ይይዛል፣ ሲላሉም ወደ ምግቡ ይወድቃሉ። የማደባለቂያው ሞተር ከገንዳው አፍ በላይ ከተሰቀለ የኩሽኔታው ግራሶ ቀስ እያለ የሚንጠባጠበው ወደ ወተቱ ነው። የውኃ መስመር ሠራተኞቻችን ለሁሉም የሚጠቀሙባት ሳራቺኔስካ የምትባለው የቱቦ መክፈቻና መዝጊያም፣ ሲከፈት ወደ ላይ የሚሳበው ሳህኗ የሚያድርበት ኪስ ስላለ፣ ወተት የሚያልፍበት መስመር ላይ ልትገባ አይገባም።

አራተኛ ጠላት አለ፤ እሱም ራሱ የጽዳቱ ዕቃ ነው። በረኪና በየቤቱና በየማምረቻው ርካሽ ስለሆነ ገንዳ ውስጥ አፍስሶ ማሳደር የተለመደ ነው። በውስጡ ያለው ክሎሪን ግን ስቴንለስን በመርፌ እንደተወጋ እየበሳ ይጎዳል። በልኩ ቀጥኖ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ውሎ ወዲያው መለቅለቅ አለበት። ልክ አብዝቶ ሌሊቱን የሚያሳድረው ሠራተኛ ለንጽህና ሲተጋ ነው ገንዳውን የሚበሳው።

ወደ ውኃው ስንመጣ የጎንደር ጉዳይ ለብቻው ይታያል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ፣ ከተማዋ እየሰፋች፣ ውኃ በፈረቃ የሚመጣባት ከተማ ውስጥ «በደንብ ታጠቡ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። መጥፎ ቅርጽ ያለው መሣሪያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው ውኃ ነው፤ ውኃ ሲያጥር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀረው የመጨረሻው ልቅለቃ ነው። በተዘጋ መስመር ሳይፈታ የሚታጠብ ቱቦም የራሱ ሒሳብ አለው። በመመሪያዎቹ መሠረት ማጠቢያው ፈሳሽ በቱቦው ውስጥ በሰከንድ 1.5 ሜትር ያህል መፍሰስ አለበት፤ ይህ ለ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሲሰላ በሰዓት ከ10 ሜትር ኩብ በላይ የሚገፋ ፓምፕ ይጠይቃል። ፈሳሹ ስለሚዞር ውኃው አይባክንም፤ ነገር ግን ለቤት ታንከር የተገዛች ትንሽ ፓምፕ ይህን ፍጥነት አታመጣም፤ ኮስቲክ ሶዳው ቱቦው ውስጥ ያልፋል እንጂ ቅባቱን አይፍቅም። በቱቦው ላይ የተቀጠለና ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ካለ ደግሞ ፍጥነቱ ቢሟላም እዚያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቆሞ ይቀራል።

በነገራችን ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ጎንደር ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወተት ለ30 ደቂቃ በ63 ወይም ለ15 ሰከንድ በ72 ዲግሪ ስለሚታከም ለዚያ ችግር የለውም፤ ነገር ግን ከውጭ የመጣ መመሪያ «በ95 ዲግሪ ውኃ አጽዱ» ሲል ክፍት በርሜል ላይ እዚህ የሚቻል ነገር አይደለም፤ የጎደለው ሙቀት በጊዜ መካካስ አለበት።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ስለ እርጥብ ምግብ ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ሰሊጥ ላይ ሕጉ ይገለበጣል፤ እዚያ ትልቁ ጠላት ውኃው ነው። ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ በደረቅ ምግብ ውስጥ አይራባም፤ ግን ለወራት ተኝቶ ይቆያል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይነሣል። ስለዚህ የበርበሬ ወፍጮን በውኃ ያጠበ ሰው፣ ማሽኑ ስንጥቅ ውስጥ የቀረውን ዱቄት ወደ ሊጥ ለውጦ ለሻጋታም ለባክቴሪያም ቤት ሠራ ማለት ነው። ደረቅ ማምረቻ በብሩሽ፣ በመፋቂያና በሚስብ መጥረጊያ ነው የሚጸዳው። በየወፍጮ ቤቱ የሚታየው በኮምፕሬሰር አየር መንፋትም ዱቄቱን ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ማጓጓዝ እንጂ ማጽዳት አይደለም። ጉዳዩ ከመተማና ከሁመራ ለሚመጣው ሰሊጥ ቀላል አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ የሚገባውን ሰሊጥ በሳልሞኔላ ምክንያት ተጨማሪ ፍተሻ ከሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ብክለቱ ከማሳው፣ ከአውድማው ወይም ከመጋዘኑ ሊነሣ ይችላል፤ ማበጠሪያው የማይፈታና ቅሪት የሚይዝ ከሆነ ግን የአንድ ገበሬን ብክለት ለሺህ ኩንታል ያዳርሰዋል።

በገንዳው ላይ ይህን ያህል ስናወራ ወተቱ ማለዳ የሚመጣበትን ቢጫ የዘይት ጀሪካን መርሳት አይገባም። ለማንጠልጠል የሚያመቸው መያዣ ውስጡ ባዶ ነው፤ ወተት ይገባበታል፣ ብሩሽ ግን አይገባበትም። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ ላስቲኩ በአሸዋና በጠጠር ተንጦ ሲታጠብ ይጫራል። ሰፊ አፍ ያለው የአሉሚኒየም ወይም የስቴንለስ ማሰሮ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ ለዚህም ነው ጀሪካኑ የማይጠፋው። ገንዘብ በጠበበበት ቦታ ግን ከገንዳው በፊት መቀየር ያለበት እሱ ይመስለኛል።

ምን ይደረግ ለሚለው የእኔ መልስ አዲስ ሕግ ከመጠበቅ ይልቅ ከውሉ መጀመር ነው። ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት አንዲት ገጽ ወረቀት ላይ የላሜራው ዓይነትና ሰርተፍኬቱ፣ የብየዳው ዓይነት፣ የጥጉ ጉብጠት፣ የታቹ ዝንባሌ፣ ምን ምን በእጅ እንደሚፈታ ከተጻፈና ቀሪው ክፍያ በርክክብ ፈተናው ላይ ከታሰረ፣ በያጁ ሳይወድ በግዱ ደረጃውን ይማራል። ለማኅበራት የማሽን ብድር የሚሰጡ ተቋማትም ይህችን ገጽ የብድሩ አካል ቢያደርጓት የሚያጡት ነገር የለም። ጎንደር ለዚህ ባዳ ከተማ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት፣ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያን የሚባሉ የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። የምንጭ ማጎልበትንና የመጸዳጃ ጉድጓድን ልክ ለገጠሩ ያስተማረ ሙያ ዛሬ ከብየዳ ተማሪው ጋር አንድ ክፍል ቢቀመጥ ነገሩ ከሥሩ ይያዝ ነበር።

ፈተናውም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንደኛው ውኃ ሞልቶ መክፈትና ሳይነካ የቀረውን መለካት ነው። ሁለተኛው ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ነው፦ ቢ2 የተባለው ቫይታሚን በውኃ ተበጥብጦ ውስጡ ይረጫል፣ እንደ ወትሮው ይታጠባል፣ ከዚያ በጨለማ የአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ያልታጠበው ቦታ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። መብራቱ ሱቆች የብር ኖት ከሚያረጋግጡበት የተለየ አይደለም።

ያ ገንዳ ወደ ብረታ ብረት ቤቱ ተመለሰ፤ በያጁ ጥቂት አጉረመረመ፣ መውጫውን ቆርጦ አውጥቶ ከታቹ ጋር አስተካክሎ በየደው፣ በመውጫው በኩል ያሉትን ሁለት እግሮችም አሳጠረ። በሁለተኛው ርክክብ ውኃ ሞልተን ከፈትነው። መጀመሪያ ከአንድ ጆግ በላይ ይቀር የነበረው አሁን ግማሽ ብርጭቆ ሆኖ ወጣ። ሰብሳቢዋ ጣታቸውን አንድ ጊዜ አዙረው አወጡና ቀሪውን ክፍያ ቆጠሩለት።